የአካራው አፈር መሐላ

ሰው በአፉ ይዋሻል፣ በዓይኑም ይዋሻል። ጉልበት የከዳው ሰው ግን ሲራመድ ይታወቃል። አምሳ ሁለት ዓመት በጉጅራንዋላ ከተማ ሰው ሲታገል እያየሁ የተማርኩት ይህንን ነው። ትምህርት ቤት የገባሁት ለሦስት ዓመት ብቻ ነው። የቀረውን ያስተማረኝ የሰው ገላ ነው።

አካራችን፣ የምንታገልበት ቦታ፣ ከቦዩ ዳር ነው። በአራት ማዕዘን የተቆፈረ ለስላሳ አፈር አለው፤ ከላዩ የኒም ዛፍ ያጠላበታል። አፈሩን የሰናፍጭ ዘይት፣ እርድና አሬራ እናጠጣዋለን። ጠዋት ጠዋት በዶማ እንገለብጠዋለን። ጫማ አድርጎ የሚረግጠው የለም። እጁን አፈሩ ላይ ጭኖ የማለ ፓህልዋን፣ የትግል ሰው፣ ቃሉን ቢያፈርስ፣ ከዚያ ወዲያ የሚገጥመው ሰው አያገኝም።

ዘርጋም የልጄ ልጅ ነው፤ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። አባቱ ኩዌት የጭነት መኪና ይነዳል። ልጁን ያሳደግነው እኔና እናቱ ተስኒም ነን። እግሩ ፈጣን ነው፤ ሲወድቅም ድምፅ አያሰማም። በፀደይ ከሲያልኮት አካራ ልጆች ጋር እንዲገጥም መርጬው ነበር።

ከክረምቱ በኋላ ከሳ። እናቱ ትምህርት በዝቶበት ነው አለች። በጥር ደግሞ ድንገት ተለወጠ። ፊቱ እንደ ጨረቃ ክብ ሆነ። ጀርባው ላይ ብጉር ፈላ። አራት ቂጣ የሚበላው ልጅ ስምንት በልቶ እጁን አይሰበስብም። በትንሽ በትልቁ ይቆጣል። የሰፈር ሴቶች ተስኒምን፣ "ማሻአላህ፣ ልጅሽ ሰው ሆነ" ይሏታል። እሷ ፈገግ ብላ ታልፋለች።

እኔ ግን ያንን ፊት አውቀዋለሁ። ከተማው ውስጥ በብረት ማንሻ ቤቶቹ የጡንቻ መድኃኒት የሚወስዱ ልጆች እንዲህ ነው የሚሆኑት። ሁለቱን ከአካራዬ አባርሬያለሁ። አንደኛው በሠላሳ ዓመቱ ልቡ ቆሞ ሞተ። ሬሳውን ካጠቡት አንዱ እኔ ነበርኩ። ደረቱ የበሬ ነበር።

ስለዚህ ልብሱን ፈተሽኩ። ካልሲው ውስጥ ሁለት ማሸጊያ ትናንሽ ነጭ ክኒን አገኘሁ።

የአካራው ልጆች ሁሉ ባሉበት ክኒኑን አወጣሁት። አሥራ አንድ ነበሩ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

ዘርጋም ክኒኑን አየ፤ እኔን አላየኝም። "መድኃኒት ነው፣ ባባ።"

"የምን?"

ጂጃ የሚባል ምላሱ ከእጁ የሚቀድም ልጅ አለ፤ እሱ መለሰለት። "የጉንጭ ነዋ፣ ኡስታድ። አያዩትም? ጉንጩ ብቻውን ሁለት ኪሎ ይወጣዋል።"

ሳቁ። ዘርጋም ጆሮው ቀላ። አሁን ሳስበው አፉን ሊከፍት ነበር። ጂጃን አየ፣ ሌሎቹን አየ፣ ከዚያ ዘጋው። ይህን ያየሁት በዚያው ጊዜ ነው። ያየሁትን የጥፋተኛ ዝምታ ነው አልኩ።

"መልስ የለህም?"

"የለኝም።"

ክኒኑን ቦዩ ውስጥ ወረወርኩት።

"እጅህን አፈሩ ላይ አድርግ። ከእህልና ከወተት በቀር በአፌ የሚገባ ነገር የለም ብለህ ማል።"

"ባባ..."

"ማል፤ ወይ መታጠቂያህን ፈትተህ ውጣ።"

ተንበረከከ። እጁን አፈሩ ላይ አድርጎ ማለ። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። በዚያ ቀን ደስ ብሎኝ ነው ቤቴ የገባሁት።

ከዚያ በኋላ ጉንጩ መጉደል ጀመረ። መርዙ እየወጣለት ነው አልኩ። በልምምድ መሐል ወደ ቦዩ ጀርባ ይሮጣል። አንድ ጠዋት አምስት ጊዜ ሄደ። ጂጃ፣ "ዘንድሮ ቦዩ የሚሞላው በዝናብ አይደለም" አለ። አልገሠጽኩትም። ይጽዳለት ብዬ ነው። ለውዝ አስፈጭቼ በወተት እየበጠበጥኩ በእጄ አጠጣሁት። እስከ መጨረሻው ይጠጣና ዕቃውን በሁለት እጁ ይመልስልኛል። ከንፈሩ ነጭ ነበር።

በሃያ ሁለተኛው ቀን አፈሩ ላይ ወደቀ። የነካው ሰው የለም። ገና ሊገጥም ጉልበቱን እንዳጠፈ ነው የወደቀው። ሳነሣው ከመታጠቂያው በታች ደም አየሁ። ማንም ሳያይ በጋቢዬ ሸፈንኩት። ከሠራሁት ሁሉ የማልጸጸትበት ያንን ብቻ ነው።

ተስኒም ስታየን አልጮኸችም። ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ወረቀት የሞላው ላስቲክ አወጣች።

"ላሆር ነው የምንወስደው" አለች።

"እዚህ ሆስፒታል እያለ?"

"ሐኪሙ ላሆር ናት።"

"የምን ሐኪም?"

የነገረችኝ ሚኒባስ ውስጥ ነው፤ የልጁን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ መንገዱን እያየች። ከክረምት ጀምሮ ታሟል። ትልቁ አንጀቱ ከውስጥ ይቆጣል፣ ይቆስላል፣ ይደማል። በምን እንደመጣ የሚያውቅ የለም። አንዳንድ ቀን አሥር ጊዜ ያስቀምጠዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ እህቷ ጋ የሚሄዱ ሲመስለኝ ላሆር ነበሩ። ሐኪሟ ይህ በሽታ ያለባቸውን ወጣቶችና ቤተሰቦቻቸውን ቅዳሜ ትሰበስባለች። ምን እንደሚበሉ፣ በፈተና ቀን ምን እንደሚያደርጉ፣ ለዘመድ ምን እንደሚሉ ይነጋገራሉ። ስምንት ቅዳሜ ሄደዋል።

"ለምን አልነገራችሁኝም?"

"እሱ ነው እንቢ ያለው፣ አባጂ።" አሁንም መንገዱን ነው የምታየው። "'ሆዱ የማይጸና ፓህልዋን የለም' ሲሉ እየሰማ ነው ያደገው፤ እርስዎ።"

ብያለሁ። ብዙ ጊዜ ብያለሁ።

ሐኪሟ ዶክተር ሙኒበ ትባላለች፤ ቀጭን ናት፣ ፈጥና ነው የምትናገረው። ልጁን አልጋ ላይ አስተኝታ ሆዱን በጣቷ ጫፍ ነካካች።

"ክኒኑን አላቋረጥክም?"

"አላቋረጥኩም" አለ ዘርጋም።

"አንድም ቀን?"

"አንድም ቀን።"

"እኔ ነኝ ገዝቼ የምሰጠው" አለች ተስኒም። "ባዶ ማሸጊያውን ተቀብዬ ነው ሌላውን የማቀብለው።"

ከአልጋው ግርጌ ቆሜ ነበር። ልጁ አላየኝም። ክኒኑን እየፈለፈለ ቦይ ውስጥ ሲጨምርና ባዶውን ለእናቱ ሲመልስ እንደኖረ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

"እንግዲያው መድኃኒቱ አልያዘለትም" አለች ዶክተሯ። "በደም ሥር ጠንከር ያለውን እንጀምራለን። ግን በክኒኑ ላይ እያለ እዚህ ከደረሰ ብዙ ተስፋ አላደርግም። ዛሬ ሰኞ ነው። ሐሙስ ቀዶ ሐኪሙ ያየዋል። ደሙ ካልቀነሰ ትልቁ አንጀት ይወጣል።"

"ያለ አንጀት ይኖራል?" አልኩ።

"ይኖራል፣ ባባ ጂ። ሆዱ ላይ ከረጢት ይለጠፍለታል። እንዲያ ሆነው የሚማሩ፣ የሚያገቡ፣ የሚወልዱ አሉኝ። ካስፈለገ አይፈራም። ግን ሳይቸግር ማንም አያወጣውም።"

"ይታገላል?"

ተስኒም ዞራ አየችኝ። ዶክተሯ፣ "እሱን ሌላ ቀን" አለችኝ።

አልጋው ላይ አንድ ወረቀት ሰቀሉ። ልጁን ባስቀመጠው ቁጥር መስመር ይሰመራል፤ ደም ካለበት ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ከሌለበት የተጋደመ። ሲስተር ሮዚና የምትባል ወፍራም ነርስ ናት ያስረዳችን። "ዓይን አፋርነት እዚህ አይሠራም" አለች። "እኔ ለሃያ ዓመት ፖፖ ውስጥ ስመለከት ኖሬያለሁ፤ ይኸው አላረጀሁም።" ዘርጋም አልሳቀም። በመጀመሪያው ቀን አሥራ አራት መስመር ተሰመረ፤ ሁሉም ቀጥ ያለ።

ማክሰኞ ጠዋት ተስኒም ሻይ ልታመጣ ወረደች። ሲስተር ሮዚና ሁለት ክኒን ሰጠችው፤ ከደሙ ያለቀውን ጨው የሚተካ ነው አለች። ውኃ ጠጣ። አንገቱን አየሁት። ውኃው ወረደ፤ ክኒኑ አልወረደም።

ነርሷ ስትሄድ፣ "ምላስህን አንሣ" አልኩት።

ሁለቱንም አውጥቶ መዳፉ ላይ አስቀመጣቸው።

"አፈሩ ላይ ምያለሁ፣ ባባ።"

"ይሄ በደም ሥርህ የሚገባውስ?"

"እሱ በአፌ አይደለም የሚገባው።" ሊስቅ ሞከረ። ከንፈሩ የተሰነጠቀ ነበር።

ወንበሩን ስቤ ተጠጋሁት። "ያን ዕለት ለምን አልነገርከኝም?"

"ጂጃ ፊት? ደም ያስቀምጠኛል ልበል?"

"አጭበርባሪ ከምትባል።"

"አጭበርባሪን ሰው ይፈራዋል፣ ባባ። ሱሪው ላይ የሚያመልጠውን ማን ይፈራል?"

ይህን የሚል ልጅ ቤቴ ውስጥ ነው ያደገው። ቃሉን ከማን እንደወሰደው ስለማውቅ ሌላ አልጠየቅኩም።

"ለዶክተሯ እውነቱን ንገራት" አልኩት።

"አልነግራትም። እማ ከሰማች ከእርስዎ ጋር አንድ ቤት አታድርም። እናቷ ቤት ትወስደኛለች። አባዬም ኩዌት ሆኖ ይሰማል። ሐሙስ ይቁረጡትና ይለቅ።" ዓይኑን ጨፈነ። "ዝም ይበሉ፣ ባባ። ዝም ማለት ያውቁበታል።"

ከጎኑ ያለው አልጋ አንሶላ ተቀየረ። ልጁ ሁለት ጊዜ ተነሣ፤ ሁለት ጊዜ መስመር አሰመርኩ። ከተናገርኩ ምራቴን አጣለሁ፣ ምናልባት ልጁንም። ዝም ካልኩ ሐሙስ ይመጣል።

በአካራ አንድ ሕግ አለን። ሁለት ትከሻው አፈር የነካ ሰው ተነሥቶ አልወደቅኩም አይልም። ይህን ሕግ የተላለፉ ከሦስት በላይ ልጆችን በጥፊ መትቻለሁ።

ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። ዶክተሯ ከተስኒም ጋር ቆማ ነበር። ተስኒም ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዛለች፤ አንዱ የእኔ ነው።

"ዶክተር" አልኩ። "ልጁ ዋሽቷል። ክኒኑን አልወሰደም። እኔ ነኝ ያስቆምኩት።"

ከካልሲው ጀምሬ እስከ መሐላው ነገርኳት። አላቋረጠችኝም።

"ስንት ቀን ሆነው?"

"ዛሬ ሃያ ሦስት።"

"በአንድ ጊዜ ነው ያቆመው? ምንም ሳያስቀር?"

"ምንም።"

ወረቀቷ ላይ ጻፈች። "የደም ግፊቱ ለምን እንዲያ እንደወረደ አልገባኝም ነበር። ይህ ክኒን ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው። በድንገት ከቆመ ራሱ ይገድላል።" ብዕሯን ዘጋች። "ጡንቻ የሚያፋፋው ሌላ ነው፣ ባባ ጂ። ይሄኛው የተቆጣውን አንጀት ያበርዳል፤ ፊትን ያሳብጣል። ያዩት ትክክል ነው። የፈረዱት ነው የተሳሳተው።"

"አሁንስ?"

"አሁን መድኃኒቱ ተሸንፏል ማለት አልችልም፤ አልተሞከረማ። ለቀዶ ሐኪሙ እነግረዋለሁ። ሐሙስ መጥቶ ማየቱ አይቀርም፤ ለመቁረጥ ግን አይቸኩልም።"

ሄደች። ተስኒም ሻዩን መስኮቱ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው።

"ቦዩ ውስጥ?" አለችኝ።

"አዎ።"

"አምስት ወር ልብሱን ስዘፈዝፍ ኖሬያለሁ፤ እርስዎ ለሰላት ሲወጡ እየጠበቅኩ። ዓይን አለኝ ይሉ ነበር፣ አባጂ።"

ወደ ክፍሉ ገባች። ከዚያ በኋላ አላናገረችኝም።

ረቡዕ በማለዳ ጉጅራንዋላ ተመለስኩ። ልጆቹ አፈሩን እየገለበጡ ነበር። ዶማውን አስጣልኳቸው።

"በዘርጋም ላይ የተናገርኩት ሐሰት ነበር። አላጭበረበረም። በዚህ አፈር ላይ ያስማልኩትም በሐሰት ነው።"

ተያዩ። ጂጃ ነው የተናገረው። "ኡስታድ ተሳሳትኩ ካሉ ዛሬ ፀሐይ በምዕራብ ወጥታለች። ታዲያ ክኒኑ የምን ነበር?"

"የራሱ ጉዳይ ነው።"

"እንዲህማ ከሆነ ማን ያምናል?"

"አታምኑም ይሆናል። ከአሁን በኋላ ግን ስሙን አንሥቶ የሚስቅ ከእኔ ጋር ይገጥማል።"

ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። አልሳቁም፤ ያመኑኝም አይመስለኝም። ከአፈሩ አንድ እፍኝ በመሐረብ ቋጥሬ ወጣሁ።

ሲስተር ሮዚና በር ላይ ያዘችኝ። "መሐረቡ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?"

"አፈር።"

"አፈር? አንጀቱ የቆሰለ ልጅ ጋ አፈር? ባባ ጂ፣ እኔ ይህን ወለል በቀን አራቴ የማሳጥበው ለእርስዎ እርሻ ነው?"

"ልጁ በዚህ ነው የማለው። በዚሁ ካልፈታሁት ክኒን አይውጥም።"

ልጁን በመስታወቱ በኩል አየችው፤ እኔንም አየችኝ። እያጉረመረመች ገባችና ለሰገራ ምርመራ የሚሰጠውን ባለ ክዳን ዕቃ አመጣች። "እዚህ ውስጥ ያድርጉት። ክዳኑን የከፈተ ወዮለት። በዚህ ዕቃ ከዚህ የባሰ ተይዞ ያውቃል።"

አፈሩን ከድኜ አልጋው ላይ አስቀመጥኩት። ተስኒም ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

"እጅህን አድርግበት" አልኩት።

ዘርጋም መዳፉን ክዳኑ ላይ አደረገ። እጄን በእጁ ላይ ጫንኩ። አጥንት ብቻ ነበር።

"ያስማልኩህ እኔ ነኝ፤ በሐሰት ነው ያስማልኩህ። ፈትቼሃለሁ። ለመሐላው ማካካሻ አሥር ድኻ አበላለሁ።"

"አካራ ላይ ነገሯቸው?"

"ሐሰት ነበር አልኳቸው። ምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም።"

"ጂጃ ምን አለ?"

"ፀሐይ በምዕራብ ወጣች አለ።"

አፉ ጥግ ላይ ትንሽ ነገር ተንቀሳቀሰ። ከዚያ እናቱን አየና ጠፋ። "እማን ግን ነገሯት። ዝም ይበሉ ብዬዎት ነበር።"

"ብለኸኝ ነበር።"

ሁለቱን ክኒን ተቀብሎ ዋጠ። አንገቱን አየሁ፤ ወረደ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሐሙስ ቀዶ ሐኪሙ መጣ፤ ከዶክተሯ ጋር። ወረቀቱን አነበቡ። ሰኞ አሥራ አራት፣ ማክሰኞ አሥራ አራት፣ ረቡዕ አሥራ አንድ። ሁሉም ቀጥ ያለ መስመር። ቀዶ ሐኪሙ ሆዱን ተጫነው፤ ዘርጋም ጥርሱን ነከሰ። በእንግሊዝኛ ተነጋገሩ። የተረዳሁት ቀዶ ሐኪሙ ያመጣውን የፈቃድ ወረቀት ሳያስፈርም ኮሞዲኖው ላይ እንዳስቀመጠው ብቻ ነው።

"እስከ ቅዳሜ እናያለን" አለች ዶክተሯ። "ወደ ስድስት ከወረደ ወረቀቱን እንቀድደዋለን። ካልወረደ ትፈርማላችሁ። ሌላ ልንሞክረው የምንችለው መድኃኒት አለ፤ ግን ጊዜው ጠባብ ነው።"

ሲወጡ ተስኒም እስክሪብቶውን ዘረጋችልኝ። ከማክሰኞ ወዲህ የመጀመሪያ ንግግሯ ነበር።

"ሦስት ቀን አልተኛሁም። ይቁጠሩ። ደም ያለበትንና የሌለበትን ይለዩ። በደንብ ይዩ።"

ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። "ቅዳሜ የወላጆቹ ስብሰባ ከታች ፎቅ ነው። እርስዎ ይገባሉ። እኔ ከእሱ ጋር እቀመጣለሁ።"

ወንበሩ ላይ ሆና ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት።

ዕድሜዬን ሙሉ የሰውን ገላ ያየሁት ከውጭ ነው። ልጁ በተነሣ ቁጥር ደግፌው ሄድኩ፣ ፊቴን አዙሬ ጠበቅኩ፣ መልሼ አስተኛሁት፤ ከዚያ ፖፖው ውስጥ አየሁ። እስከ ዙህር፣ እስከ ቀትሩ ሰላት፣ አራት ጊዜ ሆነ። አራት ቀጥ ያለ መስመር አሰመርኩ።

በአምስተኛው ላይ ቆየሁ። ፖፖውን ወደ መስኮቱ ወስጄ በብርሃን አየሁት።

ዘርጋም ከትራሱ ላይ ያየኛል። ከትናንት ጀምሮ አላናገረኝም።

"ምን አለ?" አለኝ።

ደም ነበረበት። ከጠዋቱ ያነሰ ይመስላል። ለ"ይመስላል" ግን የተሰጠኝ ምልክት የለም።

"አለበት" አልኩት፤ ቀጥ ያለውን መስመር አሰመርኩ።